ሚስማር ላይ የተሰቀለው ቁልፍ

ይህ አዲስ አበባ ውስጥ ለጸሐፊዎችና ለመዝገብ ቤት ሠራተኞች በተዘጋጀ የግማሽ ቀን ስልጠና ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ስመልሰው ድግግሞሹን ቀነስኩ። የቀረው እንደተነገረ ነው።

እንደምን አደራችሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የድርጅታችሁ የፖስታ ሳጥን ቁልፍ አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ የት ነው ያለው? እርግጠኛ የሆነ እጁን ያውጣ።

አምስት። ስድስት። ከዚህ ሁሉ ሰው ስድስት እጅ።

እኔ ሥራ በጀመርኩበት ድርጅት ቁልፉ የት እንደነበር ልንገራችሁ። መዝገብ ቤቱ በር ጀርባ፣ ሚስማር ላይ። ቁራጭ ካርቶን ታስሮበታል። ካርቶኑ ላይ የሳጥኑ ቁጥር በእስክሪብቶ ተጽፏል፤ የማን እንደሆነ እንዳይጠፋን ነዋ! ማንም ገብቶ ሊያነሳው ይችላል። ፖስታ ቤት ሄዶ ሳጥኑን ከፍቶ፣ የሚፈልገውን መርጦ፣ ቁልፉን መልሶ ሊሰቅለው ይችላል። ጠያቂ የለውም።

ከመዝገብ ቤቱ ሁለት በር አለፍ ብሎ ደግሞ ገንዘብ ያዡ ነበር። የእሱ ክፍል በብረት ፍርግርግ ታጥሯል። ካዝናው ሁለት ቁልፍ አለው፤ ቁልፎቹም በሁለት ሰዎች እጅ ናቸው። ብሩ እንዲህ ይጠበቃል። ብር የሚያመጣው ቼክ ግን የሚገባው በሚስማሩ ቁልፍ ነው።

ስለ መዝገብ ቤት ደህንነት ተናገር ተብዬ ነው የመጣሁት። ደህንነት ስል ብዙዎቻችሁ ካሜራ እንደታያችሁ አውቃለሁ። ካሜራውን ለጊዜው እርሱት። የእኔ ነገር አንድ ናት። አንድ ደብዳቤ ግቢ ከገባበት ሰዓት ጀምሮ ባለቤቱ እጅ እስኪደርስ፣ በየትኛውም ደቂቃ "አሁን ማን ጋ ነው?" ሲባል የሰው ስም መጠራት አለበት። የክፍል ስም ሳይሆን የሰው ስም። "መዝገብ ቤት ነው" መልስ አይደለም። "ጠረጴዛ ላይ አይቼው ነበር" ደግሞ ጭራሽ።

የድሮ ሰዎች ይህችን ነገር ያውቁባት ነበር። በአጼ ምኒልክ ዘመን፣ በ1886 ዓ.ም. ፖስታ ቤት ከመቋቋሙ በፊት ደብዳቤ የሚያደርሰው መልእክተኛ ነበር። ደብዳቤውን ዘንግ ላይ አስሮ ይዞት ይሄዳል። ኪሱ አይከተውም፣ ጉያውም አይሸጉጠውም። ያየው ሁሉ ይህ ሰው የሰው አደራ እንደያዘ ያውቃል። የዛሬው መልእክተኛ ደብዳቤውን ከምሳ ዕቃው ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ ከትቶ ታክሲ ይሳፈራል። ስትስቁ አየሁ። እኔም አድርጌዋለሁ። ወጥ የነካው ደብዳቤ ለሥራ አስኪያጅ አቅርቤ አውቃለሁ።

የእኛ ደብዳቤ በሦስት በር ነው የሚገባው። አንደኛው ፖስታ ቤት ያለው ሳጥን ነው። ሁለተኛው የግቢው በር ነው፤ ባለጉዳይ በእጁ የሚያመጣው፣ በሞተር የሚመጣው፣ ከፍርድ ቤት የሚመጣው። ሦስተኛው የሰው ኪስ ነው። "እግረ መንገድሽን ይህን ለእነእንትና ስጪልኝ" ተብሎ የሚመጣው። ይህን መከልከል አይቻልም፤ ሞክሬ አቅቶኛል። መዝግቡት ብቻ።

ስለ ግቢው በር ግን አንድ ታሪክ አለኝ።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የፍርድ ቤት መጥሪያ መጣ። ጸሐፊዋ ወጥታለች። ጥበቃው በዕድሜ የገፉ፣ በጣም ቅን ሰው ናቸው። "ይፈርሙልኝ አባባ" ሲባሉ ፈረሙ። እንዳይጠፋም ብለው ጥበቃ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ፣ ከጋቢያቸው ሥር አስቀመጡት። ሰኞ ተረኛው ሌላ ሰው ነበር። እሳቸው ደግሞ ቅዳሜ ሐዘን ደርሶባቸው አገር ቤት ሄደዋል። መጥሪያው የተገኘው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ቀጠሮው አልፏል።

የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 70፣ መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ተከሳሽ በሌለበት ክሱ ይሰማል ይላል። በአንቀጽ 78 ደግሞ በቂ ምክንያት ያለው ሰው ውሳኔውን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ ይነሳልኝ ብሎ ማመልከት ይችላል። እንግዲህ "ከጋቢ ሥር ነበር" በቂ ምክንያት ነው ወይ? ጠበቃችን ለዚህች ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደተመላለሱ አልነግራችሁም።

ማን ተቀጣ? ሽማግሌው። ደመወዛቸው ተቆረጠ። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ደግሞ እኔ ነበርኩ፤ ዝም አልኩ። ዛሬም ያሳፍረኛል። ምክንያቱም እሳቸው ምንም አላጠፉም። ከፈረሙ በኋላ ምን ማድረግ እንዳለባቸው የነገራቸው ሰው አልነበረም። መንገር የነበረብኝ እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው በአንድ ደብተርና በአንድ የእንጨት ሳጥን ያለቀ ነው። ደብተሩ ጥበቃ ቤት ተቀመጠ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ከማን፣ ለማን፣ ፊርማ። ሳጥኑን አናጢ ሠራልን። ከላይ ቀዳዳ አለው፤ ቁልፉ ያለው መዝገብ ቤት ነው። ከሥራ ሰዓት ውጭ የመጣ ሁሉ በቀዳዳው ይገባል። ጠዋት የእኛ ሰው ከተረኛው ጥበቃ ጋር ሆኖ ይከፍታል፣ ይቆጥራል፣ ሁለቱም ይፈርማሉ። መጥሪያ ከሆነ ግን ሳጥን አይገባም፤ ወዲያው ስልክ ይደወላል። ለማን እንደሚደወል በትልቁ ተጽፎ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ሽማግሌው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የዚያን ደብተር ያህል ንጹሕ ደብተር ግቢው ውስጥ አልነበረም። የእኔንም ጨምሮ።

ወደ ገቢ መዝገቡ ልምጣ። እዚህ ያላችሁት ሁሉ መዝገብ መሙላት ስለምታውቁ አላስተምራችሁም። ግን ሐቁን እንነጋገር። ደብዳቤ የሚጠፋው ውጭ አይደለም። ተመዝግቦ፣ ቁጥር ወጥቶለት፣ ተመርቶ፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚጠፋው። በኮሪደሩ ላይ። ተላላኪው አሥራ አምስት ፋይል ታቅፎ ይዞራል። ጸሐፊዋ ስልክ ላይ ናት። "አስቀምጠው፣ በኋላ እፈርምልሃለሁ" ትላለች። ዓርብ ማታ መጥቶ የሳምንቱን በአንድ ጊዜ ያስፈርማታል። ያቺ ፊርማ ምን ትመሰክራለች? ምንም! ያልተቀበለችውንም ተቀብላለች ማለት ነው። ነገ ሲጠፋ የምትጠየቀው እሷ ናት። ስለዚህ ጸሐፊዎች፣ ለራሳችሁ ስትሉ አንድ በአንድ ፈርሙ። ተላላኪዎችም ፊርማ ሳታገኙ እጃችሁን አታንሱ።

ሌላው ክፍት መስመር ነው። "ለጠቅላላ አገልግሎት ሁለት ቁጥር ያዙልኝ" ይባላል። መስመር ይዘለላል። ከሁለት ሳምንት በኋላ በዚያ ቁጥር ወደ ኋላ የተመለሰ ቀን ያለው ደብዳቤ ይገባል። ቁጥር ከሌለ ደግሞ "245/ሀ" ይፈጠራል። እዚህ ውስጥ "/ሀ" ጽፎ የማያውቅ ካለ ሻይ እጋብዘዋለሁ። ማጭበርበር የሚጀምረው እዚህች ላይ ነው፤ በትሕትና ተጠይቆ፣ በይሉኝታ ተፈቅዶ። የጨረታ ሰነድም እንዲሁ ነው። ማስገቢያው 4፡00 ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ ሰውየው እያለከለከ 4፡07 ይደርሳል። ያሳዝናል። 3፡58 ብለህ ብትጽፍለት ማን ያውቃል? ሌሎቹ ተጫራቾች ያውቃሉ፤ በር ላይ ቆመው አይተውታል። ሰዓቱን ያመጣው ሰው ፊት ለፊት ጻፉ፣ እሱንም አስፈርሙት። ፖስታው ውስጥ ሲፒኦ፣ ማለትም ባንክ ያረጋገጠው የክፍያ ሰነድ፣ ሊኖር ይችላል፤ ስለዚህ ከሳጥን ውጭ አይደር።

አሁን ስልካችሁን አውጡ። ጋለሪውን ክፈቱ። ከውሾቹ፣ ከልጆቹና ከሠርጉ መካከል የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ፎቶ ያለው ስንቱ ነው? እጅ አታውጡ፤ አልጠየቅኩም።

የዘመኑ ትልቁ ቀዳዳ ይህ ነው። ድሮ ምስጢር ለማውጣት ፋይሉን መስረቅ ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ወረቀቱ ቦታው ላይ ተቀምጦ ምስሉ ቴሌግራም ላይ ይዞራል። የዝውውር ደብዳቤ ባለቤቱ ሳያነበው ግቢው ሁሉ ያነበዋል። አንዲት ባልደረባዬ ከኃላፊነት መነሳቷን የሰማችው "አይዞሽ" ከሚል መልእክት ነው። ደብዳቤው ገና መዝገብ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነበር። ከእኛ ክፍል ነው የወጣው ማለት ነው። ማን እንዳነሳው እስከዛሬ አልታወቀም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ የማንም ሰው የጽሑፍ ግንኙነት፣ በፖስታ የሚልከውም ጭምር፣ አይደፈርም ይላል። ትልቅ ቃል ነው። ለእኛ ሲተረጎም ግን ትንሽ ነገር ነው። በሰው ስም የመጣን ፖስታ አንከፍትም። "በጥብቅ ምስጢር" የሚለውን ሳንከፍት ከውጭ ያለውን ብቻ መዝግበን እናስተላልፋለን። መዝገብ ጠረጴዛ ላይ ስልክ አይወጣም። እኛ አንድ የስልክ መደርደሪያ ግድግዳ ላይ ሰቀልን። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ኩርፊያ ነበር። የሁለተኛው ሳምንት ላይ ረሱት።

ስለ ቆሎም ልንገራችሁ። አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ሱቅ በደረቴ ከሚሸጥ ልጅ ቆሎ ገዛሁ። በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። ቆሎውን ጨርሼ ወረቀቱን ዘረጋሁት። የአንድ ድርጅት የደመወዝ መክፈያ ነው። ስም፣ ደመወዝ፣ የባንክ ሂሳብ ቁጥር፣ ፊርማ ሳይቀር። ልጁን ከየት እንዳመጣው ብጠይቀው በኪሎ እንደሚገዛ ነገረኝ። የተበላሸ ኮፒ፣ ትርፍ ግልባጭ፣ አሮጌ ፋይል፤ ቢሮ የሚያጸዱ ሰዎች ለሻይ እንዲሆናቸው ይሸጡታል። አልፈርድባቸውም። እኛ ቅርጫት ውስጥ ጥለነዋል፤ የተጣለ ነገር ነው። ግን አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል፣ ቁጥር 1321/2016። "ቆሎ ተጠቅልሎበት ነበር" የሚለው መልስ የሚያስኬድ አይመስለኝም። መቁረጫ ማሽን ከሌላችሁ በእጅ ቅደዱት፣ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፉት።

ስለ ማህተም አጭር ነገር። ባዶ ወረቀት ላይ ማህተም አይመታም። ሥራ አስኪያጁም ቢያዙ፣ ለመስክ ጉዞም ቢሆን። ማህተሙና የድርጅቱ አርማ ያለበት ወረቀት አንድ መሳቢያ ውስጥ አይደሩ። ቲተር፣ ማለትም የኃላፊው ስምና ማዕረግ ያለበት ማህተም፣ ከእነሱ ጋር ከተደመረ ለሌባው የቀረው ነገር እስክሪብቶ ብቻ ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ስለ ወረቀት ነው። አሁን ስለ ሰው።

በፈረንጆች 2001፣ በእኛ 1994 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ የኒውዮርክ መንትያ ሕንጻዎች በወደቁ በሳምንቱ፣ የኒውጀርሲዋ የትሬንተን ከተማ ማህተም ያረፈባቸው ደብዳቤዎች ለጋዜጣና ለቴሌቪዥን ድርጅቶች ተላኩ። ቀጥሎ ሁለት ሌሎች ለሴኔት አባላቱ ለቶም ዳሽልና ለፓትሪክ ሊሂ ተላኩ። ውስጣቸው ዱቄት ነበር። አባሰንጋ። አዎ፣ ያው የምናውቀው፤ ከብት የሚገድለው፣ የሞተውን ከብት የበላ ሰው የሚታመምበት። እዚያ ግን ደርቆና ልሞ፣ በአየር እንዲበን ሆኖ ነው የታሸገው። 5 ሰዎች ሞቱ፣ 17 ታመሙ። መጀመሪያ የሞተው ፍሎሪዳ ውስጥ ጋዜጣ የሚያሳትም ድርጅት የፎቶ አርታኢ ነው። የዚያው ድርጅት የፖስታ ክፍል ሠራተኛም ታሞ ነበር፤ ተርፏል።

የዳሽል ደብዳቤ ቢሮ ውስጥ የተከፈተው ኦክቶበር 15 ቀን ነው። የላኪው አድራሻ ላይ የአንድ ትምህርት ቤት 4ኛ ክፍል ይላል። የልጅ ደብዳቤ ማን ይጠረጥራል? ትምህርት ቤቱ ግን የለም። ቢሮው ተዘጋ። ሰዎቹ ወዲያው ተመረመሩ፣ መድኃኒት ጀመሩ። ሕንጻው ሦስት ወር ገደማ ተዘግቶ ጸዳ። እዚያ ቢሮ ከነበሩት የሞተ የለም።

ያ ፖስታ ግን ቢሮው ከመድረሱ በፊት ዋሽንግተን ባለው ብሬንትዉድ በሚባል የፖስታ ማዕከል አልፏል። "ፖስታው ታሽጓል፤ ሳይከፈት ማንን ይጎዳል?" ተብሎ ማዕከሉ ሥራውን ቀጠለ። መለያ ማሽኑ ግን እያንዳንዱን ፖስታ ይጨምቃል። ሲጨምቀው ደቃቁ ነገር በወረቀቱ ውስጥ ሾልኮ ይወጣል። ማሽኖቹ የሚጸዱት ደግሞ በአየር ግፊት ነበር፤ ተበተነ። ማዕከሉ የተዘጋው ኦክቶበር 21 ነው። በዚያው ቀን ቶማስ ሞሪስ ሞተ። በማግስቱ ጆሴፍ ከርሲን ሞተ። ሁለቱም የፖስታ ሠራተኞች ነበሩ። ደብዳቤው የእነሱ አልነበረም፤ አልከፈቱትምም። ማዕከሉ እንደገና የተከፈተው በፈረንጆች 2003 መጨረሻ ነው። ዛሬ የሚጠራው በሁለቱ ስም ነው።

ይህን ሳነብ የታዩኝ የእኛው ጥበቃ ናቸው። ደብዳቤው የተላከለት ሰው ታየ። ደብዳቤው ያለፈበት እጅ አልታየም።

አንድ ነገር ልጨምር። ኤፍቢአይ ምርመራውን በፈረንጆች 2010 ሲዘጋ፣ ላኪው በአንድ የጦር ሠራዊት ላቦራቶሪ በዚሁ በሽታ ላይ ይመራመር የነበረ ሳይንቲስት ነው ብሎ ደመደመ። ሰውየው ክስ ሳይመሠረትበት ሞቷል። ከበሽታው እንዲጠብቅ የተቀጠረ ሰው ማለት ነው። የውስጥ ሰው ነገር እንዲህ ነው።

አዲስ አበባ አባሰንጋ በፖስታ ይመጣል እያልኩ አላስፈራራችሁም። ግን ሰላሳ ዓመት ሙሉ ፖስታ ስንከፍት የታሰበው ደብዳቤው ነው እንጂ እጃችን ታስቦ አያውቅም። ቢያንስ እነዚህን እወቁ። ላኪው የማይታወቅ፣ ቴምብሩ ያለመጠን የበዛ፣ የኃላፊው ስም ወይም ማዕረግ የተሳሳተ፣ ፕላስተር የተጠቀለለበት፣ ቅባት ያወጣ፣ ሽቦ የሚታይበት፣ ወደ አንድ ጎን የሚከብድ ጥቅል ከመጣ አትክፈቱት። አታራግፉት። አታሽትቱት! የኛ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ማሽተት ነው። ባለበት አስቀምጡት፣ ቬንትሌተር ካለ አጥፉ፣ ውጡ፣ በሩን ዝጉ። ዱቄት ከነካችሁ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ክፍሉ ውስጥ ማን ማን እንደነበረ ጻፉ። ከዚያ ለፖሊስ፣ 991።

እኔ አንድ ጊዜ ቀይ ዱቄት የሚያፈስ ጥቅል አጋጥሞኛል። ክፍሉን አስወጥቼ፣ በር ዘግቼ ቆምኩ። ለሒሳብ ሠራተኛዋ ከእናቷ የተላከ በርበሬ ነበር። ለስድስት ወር ያህል "አቶ በርበሬ" ተባልኩ። እንደገና ቢመጣ እንደገና አስወጣለሁ።

ካሜራ ብዬ ነበር። ካሜራ ጥሩ ነው። ግን ካሜራ የሚነግራችሁ ከጠፋ በኋላ ነው፤ እሱም መብራት ካልጠፋ። ገንዘብ ካላችሁ መጀመሪያ መዝገብ ቤቱን ከኮሪደሩ ለዩት፤ ባለጉዳይ በመስኮት ይስተናገድ። ፋይል ፍለጋ ገብቶ ከጀርባችሁ የሚቆመው ሰው ይቅር። ቀጥሎ የሚቆለፍ ሸልፍ ግዙ። ገንዘብ ከሌላችሁ ደግሞ ሚስማሩን ንቀሉ። እሱ ነፃ ነው።

ጥያቄ ካለ።

(አንድ ወጣት ተነስቶ ጠየቀ። "የሥራ አስኪያጁ ሾፌር በየጠዋቱ መጥቶ የእሳቸውን ደብዳቤ ይወስዳል። ፈርም ስለው 'እኔን አታምነኝም ወይ?' ይለኛል። ምን ልበለው?")

አዎ፣ ይህች "አታምነኝም ወይ" የምትባል ነገር ስንት ፋይል በልታለች። እኔ ያደረግኩትን ልንገርህ። ሾፌሩ ሲመጣ መጀመሪያ እኔ እፈርማለሁ፤ "ከእኔ ወጥቷል" ብዬ። እሱ እያየ። ከዚያ ደብተሩን አዞርለታለሁ። "የእኔ ፊርማ ብቻውን ቀረ፤ ነገ ቢጠፋ አንተን ሳይሆን እኔን ነው የሚይዙኝ፣ አግዘኝ" እለዋለሁ። አንድም ቀን እምቢ ያለኝ የለም። ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው አንድ ቀን ወርደው ሲወስዱም አስፈርሜያቸዋለሁ። እስክሪብቶዬን ይዘውብኝ ሄዱ እንጂ ፈርመዋል።